«እኔም አጥፍቻለሁ» ካሉ ካሣ መጠየቅ ይቻላልን?

ከሥራ ሲመለሱ ቸኩለው ከዜብራው ውጪ መንገድ አቋረጡ እንበል። ሚኒባሱም ከልክ በላይ ይፈጥን ነበር። እግርዎ ተሰብሮ ስድስት ወር ቤት ዋሉ፤ የቤት ኪራይ ተጠራቀመ፤ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም አለ። ሽማግሌዎች ሹፌሩን ይዘው ሲመጡ እርስዎ «እኔም አጥፍቻለሁ፣ ለጌታ ትቼዋለሁ» አሉ።

ይቅር ማለትዎ መልካም ነው። ይቅርታና ካሣ ግን ለየቅል ናቸው። በዘጸአት 21፥18-19 ባልንጀራውን የመታ ሰው ከቅጣት ነፃ ቢሆንም እንኳ ሥራ የፈታበትን እንዲከፍልና እንዲያሳክመው ታዝዟል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ሐዋርያው የነቀፈው ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ዳኞች ፊት መክሰሱን ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ አማኝ ከሆነ ነገሩን አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ፊት ማየት ይገባል።

«ግን እኮ ጥፋቱ የእኔም ነው» ይሉ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን አስቦበታል። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለንብረት፣ እርሱ ራሱ ምንም ባያጠፋም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በቁጥር 2098 ደግሞ ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት ሲደርስ ካሣው ይቀነሳል እንጂ አይቀርም። ዳኛው የማን ጥፋት እንደሚከብድና የትኛው ለጉዳቱ ይበልጥ ምክንያት እንደሆነ ይመዝናል። ጉዳትዎ 100,000 ብር ተገምቶ የጥፋቱ 40 በመቶ የእርስዎ ነው ከተባለ፣ የሚያገኙት 60,000 ብር ነው።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ዜብራ ላይ ነበርኩ ማለት ነው እንጂ!» የሚል ወዳጅ አይጠፋም፤ የሚያሳዝነው ከእሑድ አምልኮ መልስ እንዲህ የሚመክር መኖሩ ነው። ያ 40,000 ብር በሐሰት ቃል ቢገኝ ከሌላ ሰው ኪስ የተወሰደ ነው። ቃልዎ ከትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ጋር ከተጋጨም እውነት የተናገሩት ሁሉ አይታመንም።

ሌላው ጊዜ ነው። ክሱ በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)። «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» የሚል ሽምግልና ይህን ጊዜ ሲበላው አይታወቅም። ሕክምናው ሳያልቅ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» በሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ። ሹፌሩ በወንጀል ክሱ ነፃ ቢባልም የካሣ ጥያቄዎ በዚያ አይዘጋም። የሐኪም ማስረጃውን፣ የመድኃኒት ደረሰኙንና ደመወዝዎ የተቋረጠበትን ደብዳቤ በአንድ ፖስታ ያኑሩ፤ ለመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን የሰጠው ድርጅት ማን እንደሆነም ከትራፊክ ፖሊሱ ይጠይቁ።