የበርት ሞሪዞ «የሕፃን አልጋ»

አንዲት እናት የተኛች ልጇን እያየች ተቀምጣለች። ግራ እጇን አጥፋ ጉንጯን ተደግፋለች፤ በቀኟ የአልጋውን ስስ መጋረጃ ይዛለች። ሕፃኗም አንድ ክንዷን ልክ እንደ እናቷ አጥፋለች። ይህን በዘይት ቀለም የሣለችው ፈረንሳዊቷ በርት ሞሪዞ ናት፤ ዘመኑ 1872 እ.ኤ.አ.። እናቲቱ የሠዓሊዋ እህት ኤድማ፣ ሕፃኗ ደግሞ ልጇ ብላንሽ ናት። የሥዕሉ ቁመት 56፣ ወርዱ 46 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

እናትና ልጅ በሥዕል ለሰሜን ሰው አዲስ አይደሉም። በሥዕሎቿ የታወቀችው፣ ዐፄ ቴዎድሮስም በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያም ያለችው እዚሁ ሰሜን ነው። በምስለ ፍቁር ወልዳ እመቤታችን ብዙውን ጊዜ ፊቷን ወደ ምእመኑ መልሳ ትታያለች፤ የቆመላት ሰው ይማጸናታል። ጠዋት ይሁን ማታ አይለይም፤ ጥላ የለማ! ኤድማ ግን የሚያያት ሰው መኖሩንም አታውቅ። ዐይኗ ከልጇ ላይ ነው፤ የእኛም ዐይን የእሷን ተከትሎ ይሄዳል።

በ1874 እ.ኤ.አ. ኋላ ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓልያን ፓሪስ ውስጥ የመጀመሪያ ዐውደ ርእያቸውን ሲከፍቱ ሥዕሉ አብሮ ቀረበ። ከመካከላቸው ሴት ሞሪዞ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ ብዙም ልብ ያለው አልነበረም፤ ገዥም አላገኘ። በኤድማ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ በ1930 እ.ኤ.አ. ሉቭር ገዛው፤ ዛሬ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል።

እኔን የሚገርመኝ መጋረጃው ነው። ከሩቅ ነጭ ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ግን ግራጫውም፣ ሰማያዊውም፣ ፈዘዝ ያለው ሮዝም አንዱ በሌላው ላይ ተጥሏል፤ ንጹሕ ነጭ ያረፈው እዚህም እዚያም ብቻ ነው። የኤድማ ልብስ ጠቆር ማለቱና በአንገቷ የታሰረው ጥቁር ጥብጣብ መጋረጃውን ይበልጥ ያበሩታል። ሕፃኗ ከመጋረጃው ጀርባ ስለሆነች ፊቷ በጥቂት ለስላሳ የብሩሽ ምት ብቻ ተነክቷል።

የመጋረጃው ቀለም ፈጠራ አይደለም። ወደ ራስ ደጀን የሚወጡ ሰዎች በሚያድሩባት አምቢኮ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጠዋት ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነጠላ አስተውለዋል? ፀሐይ ያገኘው ነጭ ይሆናል፤ በእጥፋቱ ውስጥ ያለው ጥላ ግን ብርሃኑን ከሰማዩ ስለሚያገኝ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እዚህ አገር ነጭ የሚለብሱ እናቶች ሞልተዋል። ከእነሱ አንዷን ልጇ እንደተኛላት፣ ማንም ሳይጠራት፣ በዚያ ብርሃን የሚሥል ወጣት ከደባርቅ ወይም ከዳባት ቢነሣ እጅግ ደስ ይለኛል።