ሻጩ ማን ነበር? ሜክሲኮ ለአሜሪካ የሸጠችው ምድር

የአሜሪካንና የሜክሲኮን ድንበር በካርታ ላይ ተመልከቱ። ከአሪዞና ግዛት በስተደቡብ ያለው መስመር ወንዝም ተራራም አይከተልም፤ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አስተማሪ ሳለሁ «ይህ መስመር በጦርነት ሳይሆን በግዢ የመጣ ነው» ስላቸው ተማሪዎቼ ይገረሙ ነበር። «አገር መሬቱን ይሸጣል እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ሸጧል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጦርነት ነው። በ1846 በተነሳው ጦርነት ሜክሲኮ ተሸነፈች። በ1848 በተፈረመው ውል ግማሽ ያህል ግዛቷን አጣች፤ የተከፈላት 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አሜሪካ ግን አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። የደቡብ ግዛቶቿን ከፓስፊክ ጠረፍ ጋር ለሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ የሚመቸው ሜዳማ መንገድ ከጊላ ወንዝ በስተደቡብ፣ በሜክሲኮ ይዞታ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ውሉ የተመሠረተበት ካርታ ስህተት ስለነበረበት ሁለቱም አገሮች የመሲያን ሸለቆ «የኔ ነው» ይሉ ነበር።

ስለዚህ አሜሪካ ጄምስ ጋድስደን የተባለውን መልእክተኛዋን ላከች፤ እሱ ራሱ የባቡር ሐዲድ ሰው ነበር። የሜክሲኮው መሪ ሳንታ አና ደግሞ ካዝናው ባዶ ነው፤ ለሠራዊቱ ገንዘብ ይፈልጋል። ታኅሣሥ 30 ቀን 1853 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ተፈራረሙ። የአሜሪካ ሴኔት መሬቱንም ዋጋውንም ቀንሶ በ1854 አጸደቀው፤ 76,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በ10 ሚሊዮን ዶላር። ሲሰላ ለአንድ ሄክታር 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው።

በፊቅህ የሽያጭ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ የምንማራቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ሻጩ የሚሸጠው ነገር ባለቤት ወይም ወኪል መሆን አለበት። ሻጭና ገዢም ወደው መስማማት አለባቸው። የመንግሥታት ውል የገበያ ሽያጭ ባይሆንም ጥያቄዎቹ እዚህም ይሠራሉ።

ሳንታ አና ፈርሟል። ግን ከስድስት ዓመት በፊት ዋና ከተማውን በጦር ከያዘበት ጎረቤት ጋር፣ በባዶ ካዝና የሚደራደር ሰው ምን ያህል ወዶ ነው የሚፈርመው?

ሁለተኛው ጥያቄ ይብሳል። ከ1848 በኋላ በአሜሪካ ሥር መሆን ያልፈለጉ ቤተሰቦች ቤታቸውን ትተው ወደ መሲያ ተሻግረው ነበር፤ ሜክሲኳዊ ሆነው ለመኖር። በ1854 ግን እነሱ ሳይንቀሳቀሱ ድንበሩ ተሻገራቸው። አዲሱ ውል በሜክሲኮ መዝገብ በወጉ ያልሰፈረ የመሬት ስጦታ እንደማይከበር ይደነግጋል። ከሁለቱ መንግሥታት በፊት በምድሩ ላይ የነበሩትን የቶሆኖ ኦኦዳም ሕዝቦች ደግሞ የጠየቃቸው የለም። መስመሩ ምድራቸውን ለሁለት ከፈለው፤ ዛሬም ዘመዳሞች በሁለት አገር ይኖራሉ።

ሳንታ አና በ1855 ከሥልጣን ወረደ፤ ይህ ሽያጭ ስሙን ካጎደፉት ነገሮች አንዱ ነው። ባቡሩም ቱሳን ከተማ የደረሰው በ1880 ነው፤ ውሉ ከጸደቀ ከ26 ዓመት በኋላ።

እንግዲህ «አገር መሬቱን ይሸጣል እንዴ?» ለሚል ተማሪ መልሱ «መንግሥት ይሸጣል» ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን በምድሩ ላይ የሚኖረው ሰው ተጠይቆ እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል።