ብረቱ ሽፋኑን ምን ያህል ጨብጧል?

ከሐረር ጀጎል በኤረር በር ወጥቶ ሸለቆውን ቁልቁል የሚያይ ሰው ፊቱ ወደ ባቢሌ፣ ወደ ጅግጅጋ፣ ሲርቅም ወደ ኦጋዴን ነው። በመስከረም 2018 የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቆ፣ በዚያው ዕለት ለጎዴው ማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ፣ በየበርጫው የተወራው ስለ ዶላርና ስለ ሥራ ነበር። ቱቦውን ያነሳ አልሰማሁም።

ከጉድጓድ የወጣ ጋዝ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከያዘ ተራ ብረትን ይበላል። ቀድሞ እስከ ጅቡቲ እንደታቀደው 767 ኪሎ ሜትር ባለ ረጅም መስመር የሚሄደው የተጣራና የደረቀ ጋዝ ስለሆነ ይህ ስጋት ያን ያህል የለበትም። ፈተናው ከጉድጓዱ እስከ ማጣሪያው ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ሁሉ በማይዝግ ብረት መሥራት ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ጥንካሬውን ለተራ ብረት ትተው፣ ከውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የማይዝግ ሽፋን ያለብሱታል።

እንዲህ ያለው ቱቦ ሁለት ዓይነት ነው፤ ኤፒአይ 5ኤልዲ የተባለው የአሜሪካ ደረጃ ሁለቱንም ያካትታል። በአንደኛው ሁለቱ ብረቶች እስከ ውስጣቸው ተዋህደዋል፤ ፍተሻውም ቁራጭ ወስዶ ሽፋኑን በኃይል መሸልቀቅ ነው። በተለመደው መስፈርት ቢያንስ 140 ሜጋ ፓስካል መቋቋም አለበት። ብዙ የሚያከራክር ነገር የለውም።

ሁለተኛው ዓይነት ግን የተጣበቀ ነገር የለውም። ቀጭኑ ቱቦ ወፍራሙ ውስጥ ገብቶ በውሃ ግፊት ይነፋል። ቀጭኑ እንደተለጠጠ ሲቀር፣ ወፍራሙ ግፊቱ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ሊመለስ ይሞክርና ይጨብጠዋል። ጭብጡን ለመለካት በሽፋኑ ላይ መለጠጥን የሚለካ ስትሬን ጌጅ ይለጠፋል፤ ቀለበት ይቆረጣል፤ ሽፋኑም ከብረቱ ይላቀቃል። ሲላቀቅ ምን ያህል እንደተዘረጋ ይነበብና ወደ ግፊት ይሰላል። ለምሳሌ 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ፣ የ3 ሚሊ ሜትር ሽፋን 100 ሜጋ ፓስካል ጭነት ቢያሳይ፣ ጭብጡ 20 ባር ገደማ ነው።

ገዢዎች ይህን ቁጥር ይወዱታል። እኔ አልወደውም፤ ብዙ ጊዜ የሚለካው ፋብሪካው ውስጥ፣ ቱቦው ምንም ሳይደርስበት ነውና። ቀጥሎ ቱቦው የውጭ ኢፖክሲ ለመቀባት ወደ 230 ዲግሪ ይሞቃል። የማይዝገው ብረት በሙቀት የሚለጠጠው ከተራው ብረት በሲሶ ያህል ስለሚበልጥ፣ መሄጃ አጥቶ ይታመቃል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አብልጦ ይኮማተራል። ጭብጡ ይላላል። ከቅቡ በፊት የተለካ ውጤት የያዘ ሰነድ ግማሽ ሰነድ ነው።

ለነገሩ ጋዙ በግፊት ሲሄድ ሽፋኑን ወደ ብረቱ የሚደግፈው ጋዙ ራሱ ነው። ክፉው ሰዓት መስመሩ ባዶ ሲሆንና ቱቦው ሲታጠፍ ነው፤ ያኔ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። በብራዚል ጥልቅ ባሕር ሰብሲ 7 የተባለው ኩባንያ ቡቢ የተባለውን የጀርመን ቱቦ በግዙፍ ጥቅልል ላይ ሲጠቀልል ውስጡን በውሃ ግፊት ሞልቶ ነበር። አምራቹ ቡቲንግም ኋላ ሽፋኑን በሙጫ የሚያጣብቅ ግሉቢ የሚባል ቱቦ ይዞ መጣ። ጭብጥ ብቻውን ይበቃ ቢሆን ሙጫው ምን ሊሠራ ይመጣ ነበር? ለእኔ ከቀለበት ቆረጣው ይልቅ ሙሉ ቱቦ አጥፎ መጨማደዱን መለካት ነው ፍተሻ የሚባለው።



ከጋዙ ቱቦ ይልቅ ሐረርን በቅርብ የሚመለከተው የሲሚንቶ ሽፋን ነው፤ በውሃ ቱቦዎች ዘንድ የተለመደው እሱ ነውና። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረቀ ወዲህ ከተማዋ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ በፓምፕ ታስመጣለች። እንዲህ ባለ ዳገት ላይ መብራት ድንገት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ የውሃው ዓምድ ይበጠስና ቱቦው ውስጥ ባዶ ይፈጠራል። ባዶው ሽፋኑን ከብረቱ ወደ ውስጥ ይስባል። ሲሚንቶ ቀለበት ሆኖ ራሱን ስለሚደግፍ ብዙውን ጊዜ አይወድቅም፤ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆቹም ውሃ ሲያገኙ መልሰው ይገጥማሉ። ባለሙያው የሚፈትሸው በትንሽ መዶሻ መታ መታ እያደረገ ነው፤ ባዶ ድምፅ የሰጠው ቦታ ተላቅቋል።