«ድሬ ጠያራ» ስታክ ላይ ወይስ ሂፕ ላይ?

የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋን ለምትጀምሩ ልጆች፦ የሐረሪዋን ወረዳ ስም፣ «ድሬ ጠያራ»ን፣ ለማስቀመጥ ስንት ባይት ያስፈልጋል? በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። አምስቱ ፊደላት 15፣ ክፍት ቦታው 1፣ የጽሑፉን መጨረሻ የሚያሳየው ዜሮ 1፤ ድምሩ 17። 16 ብቻ ከመደባችሁ የመጨረሻዋ ባይት ድንበር አልፋ ጎረቤቷን ታበላሻለች።

ይህን የ17 ባይት ቦታ ፈንክሽን ውስጥ እንደ ተራ አሬይ ካወጃችሁት ስታክ በሚባለው የሜሞሪ ክፍል ላይ ያርፋል። ስታክ እንደ እንጀራ ቁልል ነው፤ መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሳል። በጣም ፈጣን ነው፣ ግን ጠባብ፤ ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሜጋባይት ነው። ፈንክሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ቦታው ለሌላ ይለቀቃል። ስለዚህ የዚያን አሬይ አድራሻ እባካችሁ ሪተርን አታድርጉ! አንዳንዴ ስሙ አምሮ ይታተማል፤ ሌላ ፈንክሽን ሲጠራ ግን ዝባዝንኬ ይሆናል። ሰው እንቅልፍ የሚያጣው እንዲህ ባለው ስህተት ነው።

ስሙ ከፈንክሽኑ በኋላም የሚፈለግ ከሆነ ማሎክ በሚባለው ፈንክሽን ሂፕ ላይ፣ ማለትም በሌላኛው የሜሞሪ ክፍል፣ ቦታ ጠይቁ። ፍሪ እስክትሉት ድረስ የእናንተ ነው፤ ከረሳችሁት ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ማንም አያነሳላችሁም። ጃቫና ፓይተን ላይ ይህን ጽዳት ቋንቋው ራሱ ይሠራዋል።