ጋላክሲን ከጓሮ ፎቶ ማንሳት

ያን ሴንቲ፣ ማርሴል ድሬሽለርና ዣቪዬ ስትሮትነር የሚባሉ ሦስት አማተሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ከአንድሮሜዳ ጋላክሲ አጠገብ ማንም መዝግቦት የማያውቅ ሰፊ ሰማያዊ ቅስት አገኙ። አንድሮሜዳ ባለሙያዎች ከመቶ ዓመት በላይ ፎቶ ሲያነሱት የኖሩት ጋላክሲ ነው። ቅስቱን ያሳየው ቴሌስኮፕ ግን የሌንሱ ስፋት 10.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች አንዱ ጊዜ ነው፤ በብዙ ሌሊቶች ከ100 ሰዓት በላይ ብርሃን ሰብስበዋል።

የጥልቅ ሰማይ ፎቶ የሚባለው ይህ ነው፤ ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ ያሉትን ጋላክሲዎች፣ የኮከብ ክምችቶችና ኔቡላ የሚባሉትን የጋዝና የአቧራ ደመናዎች ማንሳት። ብዙ ሰው እነዚህ ነገሮች የማይታዩን ትንሽ ስለሆኑ ይመስለዋል። አንድሮሜዳ በሰማይ ላይ የያዘው ስፋት ሙሉ ጨረቃን ስድስት ጊዜ ያህል ያክላል፤ በደንብ የማናየው ስለደበዘዘ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ማጉላት ሳይሆን ብርሃን ማጠራቀም ነው። ትንሽ ጣሳም ዝናብ ላይ ረጅም ሰዓት ከቆየ ይሞላል። ዌልሳዊው የሕንፃ ተቋራጭ አይዛክ ሮበርትስ ይህ ገብቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ሊቨርፑል አቅራቢያ ሆኖ ባነሳው ፎቶ የአንድሮሜዳን ጠመዝማዛ ቅርጽ አሳየ። እሱም አማተር ነበር።

ችግሩ ምድር አትቆምም። በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ቴሌስኮፑ ዝም ብሎ ከቆመ ኮከቡ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መስመር ይሆናል። ይህን የሚያካክሰው ማውንት የሚባለው ባለሞተር መሸከሚያ ነው። የሚዞርበት ዘንግ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ወደ ሰሜን ኮከብ አካባቢ መነጣጠር አለበት። ጀማሪ ብሩን ሁሉ ቴሌስኮፑ ላይ ይጨርሳል፤ እኔ ግን ቅድሚያ ለማውንቱ እላለሁ። የሚንቀጠቀጥ ማውንት የተሸከመው ውድ ሌንስ ዋጋ የለውም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል የጎረቤት ፎቅ ወይም የእንጦጦ ተራራ ይጋርደዋል። ብዙ ማውንቶችም ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰማይ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ እንዲህ ዝቅ ሲደረጉ የሚዛን ክብደቱ ዘንግ ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ካሳው ግን ጥሩ ነው። በግሪኮች ተረት ውስጥ ባለችው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ስም የተሰየመችው አንድሮሜዳም፣ አብዛኛው አውሮፓ የማያያቸው የደቡብ መስቀል የሚባሉት ኮከቦችም ከዚህ ይታያሉ።

አንድ ፎቶ ብቻውን ሲታይ ያሳፍራል፤ ግራጫና ኖይዝ የሚባል ብትን ነጠብጣብ የሞላበት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶዎች በሶፍትዌር ሲደራረቡ ግን ነጠብጣቡ ይሰክንና ጋላክሲው ይወጣል። 100 ፎቶ ጥራቱን አሥር እጥፍ ያሻሽላል፤ ሃያ እጥፍ ለማድረስ 400 ያስፈልጋል። የሌንሱ ክዳን ተዘግቶ የሚነሱ ጥቁር ፎቶዎችም አሉ፤ የካሜራውን የራሱን እንከን ለመቀነስ ያገለግላሉ።

“ቀለሙ የውሸት ነው” የሚሉ አይጠፉም። የኔቡላው ቀይ ከሃይድሮጅን ጋዝ የሚወጣ እውነተኛ ብርሃን ነው፤ በጨለማ ቀለም የማይለየው ዓይናችን ነው። እርግጥ አንዳንዱ አንሺ ቀለሙን ከመጠን በላይ ያደምቃል፤ ያ የእጁ ጥፋት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ እንደ ሲስታር ኤስ50 ያሉ፣ ሁሉን በራሳቸው ሠርተው ምስሉን ስልክ ላይ የሚያሳዩ ትንንሽ ቴሌስኮፖች መጥተዋል። ነባሮቹ ቢያጉረመርሙም ለጀማሪ ግሩም ናቸው።

ለመሞከር ግን ቴሌስኮፕም ማውንትም የግድ አይደለም። በታኅሣሥ ወይም በጥር ምሽት፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ካሜራዎን ትራይፖድ ላይ አስቀምጠው ኦሪዮን ወደሚባሉት ኮከቦች ያዙሩ። በሦስቱ ተርታ ኮከቦች አጠገብ ያለውን ጭጋግ መሳይ ነጥብ በሁለት ሁለት ሰከንድ መቶ ጊዜ ያንሱት፤ ከዚያ ሲሪል በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይደራርቡት።