የሕፃን እግርና የመጀመሪያው ጫማ

ሕፃን ልጅ ከመዳህ ተነሥቶ ግድግዳ ይዞ ሲቆም፥ ቀጥሎም ድክ ድክ እያለ ወደ እናቱ ሲሄድ፥ በቤት ውስጥ የሚሆነው ደስታ ለማንኛውም ወላጅ የታወቀ ነው። ከዚህም ደስታ የተነሣ ብዙዎቻችን ወዲያውኑ ጫማ ልንገዛለት እንሮጣለን። ነገር ግን ያለ ዕውቀት የተገዛ ጫማ ከመርዳት ይልቅ የሚጎዳ መሆኑን እኔ የተረዳሁት፥ መናገሩ ቢያሳፍረኝም፥ በገዛ ቤቴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ትምህርቴን በውጭ አገር ፈጽሜ ስመለስ ለልጄ ጠንካራ ሶል ያለው ያማረ የቆዳ ጫማ ይዤለት መጣሁ። ልጁ አሥራ ሦስት ወር ሆኖት አምስት ስድስት እርምጃ ይራመድ ነበር። ጫማው ቢጠብበውም ሲቆይ ይሰፋል ብዬ አደረግሁለት። በሳምንቱ ልጁ መራመዱን ትቶ እንደ ገና ይድህ ጀመር። ጎረቤት «የሰው ዓይን በላው» አለ፤ እኔም በሽታ እንዳይሆን ፈርቼ ጉልበቱንና ዳሌውን መረመርሁ። በመጨረሻ እናቴ ካልሲውን አውልቃ የቀላውን አውራ ጣቱንና የተላጠውን ተረከዙን አሳየችኝና «ልጄ፥ ባሕር ተሻግረህ ይህን ሁሉ ተምረህ የልጅህን እግር ሳትለካ ጫማ ትገዛለህን?» አለችኝ። ቁስሉ ሲድን ልጁ ተነሥቶ ሄደ።

ጫማ ልጅን መራመድ አያስተምረውም። በንጹሕ ወለል ላይ በባዶ እግሩ ሲሄድ ጣቶቹ መሬቱን ይጨብጣሉ፥ ሚዛኑን ይለምዳል፥ የእግሩም ጡንቻ ይጠነክራል። ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ መስሎ ቢታይ፥ ይህ በዚያ ዕድሜ የተለመደ ነውና አያስፈራም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ባወጣው መለኪያ መሠረት ጤነኛ ሕፃናት ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩት ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ቀደመው ተብሎ መጨነቅ አይገባም፤ 18 ወር ሞልቶት ያልሄደ ልጅ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ይህን ማለታችን ግን ልጁ በደጅም ያለ ጫማ ይሂድ ማለት አይደለም። በዓይነ ምድር በተበከለ አፈር ውስጥ የሚገኘው የመንጠቆ ትል እጭ የእግርን ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ኋላም በአንጀት ውስጥ ተቀምጦ ደም እየመጠጠ ልጁን ያመነምናል። ደግሞም ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በአገራችን ባደረጉት ምርምር እንዳስረዱት፥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው የደጋ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መሄድ አንዱን ዓይነት የዝሆኔ በሽታ ያመጣል። ሚስማርና የጠርሙስ ስባሪም በየመንገዱ አይጠፉም። ስለዚህ በደጅ ጫማ የማድረግ ልማድ ከሕፃንነት መጀመር አለበት።

ጫማ ሲገዛ የሚከተለው ይታሰብ፤

1ኛ/ እግር ወደ ማታ ጥቂት ያብጣልና ከቀትር በኋላ፥ ልጁ ቆሞ፥ ሁለቱም እግሮቹ ይለኩ፤ የሚገዛውም ለትልቁ እግር ነው።

2ኛ/ ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይኑር።

3ኛ/ ጫማው ቀላል፥ በጣቶቹ በኩል ሰፊ፥ ሶሉም በእጅ ሲታጠፍ በቀላሉ የሚተጣጠፍ ይሁን፤ እንዳይወልቅም ማሰሪያ ይኑረው።

4ኛ/ የሕፃን እግር ፈጥኖ ስለሚያድግ በየሁለት ወሩ እንደ ገና ይለካ።

5ኛ/ እግሩ በየማታው ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ጭምር ይድረቅ፤ የቀላ ወይም የተላጠ ቦታ መኖሩም ይታይ።

ዋጋው የከበደ ጫማ አያስፈልግም፤ ልኩን የጠበቀ የሸራ ጫማ ከጠበበ የቆዳ ጫማ ይበልጣል። ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ልጁን ይዞ መሄድ ባይችል፥ እግሩን በወረቀት ላይ አስቁሞ ዙሪያውን በእርሳስ ይሥመርና ወረቀቱን ይዞ ይሂድ። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ፥ ታላቅ ወንድምና እኅት የታናሻቸውን እግር መለካት ይችላሉ። እኔም ያን ወረቀት በጊዜው ይዤ ቢሆን ኖሮ፥ ልጄ ያን ያህል ቀን ባልተሠቃየም ነበር።