«ደም ብዛት አለብኝ» ሲሉ ሐኪሙ ምን ይሰማል?

በዚህ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የምንገናኘው በፖለቲካ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን በየቤታችን ስላለ፣ ሆኖም በግልጽ ስለማንነጋገርበት ጉዳይ ማንሳት ፈለግኩ። በሰው አገር ታመን ሆስፒታል ስንገባ፣ ሕመማችንን በደንብ ማስረዳት ባለመቻላችን ስለሚደርስብን አደጋ ነው።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ላስቀድም። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1980 ነው፤ ቦታው የፍሎሪዳ ግዛት። የኩባ ተወላጅ የሆነ ቤተሰብ ራሱን የሳተ የ18 ዓመት ልጁን ይዞ ሆስፒታል ይደርሳል። ቤተሰቡ በስፓኒሽ «ኢንቶክሲካዶ» ሆኗል ይላል። በእነሱ አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር አልተስማማውም ማለት ነው። ሐኪሞቹ ግን ቃሉን በእንግሊዝኛ ጆሮ ሰሙትና አደንዛዥ ዕፅ አብዝቶ ወስዷል ብለው ተረዱ። ሕክምናውም በዚያው መንገድ ሄደ። ልጁ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰው ነበር። ይህ እስኪታወቅ ብዙ ሰዓታት አለፉ። ሕይወቱ ተረፈ፤ እጅና እግሩ ግን ሽባ ሆኖ ቀረ። ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ካሳው በዕድሜ ልክ ተሰልቶ ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አስተርጓሚ ሳይጠራ የቀረው ማንም ስለከለከለ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች የተግባቡ ስለመሰላቸው ነው። ትልቁ አደጋም ይኸው ነው። የማያውቀውን ቋንቋ የሰማ ሐኪም አስተርጓሚ ይጠራል፤ የተረዳ የመሰለው ሐኪም ግን መድኃኒት ያዛል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ዘገባ፣ በአገሪቱ ሆስፒታሎች በሕክምና ስህተት በየዓመቱ ከ44 ሺህ እስከ 98 ሺህ ሰው እንደሚሞት ገምቶ ነበር። የዘገባው ዋና መልእክት ሐኪሞች ክፉ ናቸው የሚል አልነበረም። ስህተቱ በብዛት የሚመነጨው ከአሠራር ነው የሚል ነበር። በእንግሊዝኛ በሚግባቡ ሰዎች መካከል እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ ወላጆች ምን ያህል እንደሚጋለጡ አስቡት።

የራሳችንን አነጋገር እንመልከት። እናታችን «ደም ብዛት አለብኝ» ሲሉ የደም ግፊታቸው ከፍተኛ ነው ማለታቸው ነው። ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ግን ደማቸው በዝቷል ይላል። «ራሴን አዞረኝ» እና «ራሴን ሳትኩ» ለእኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለሐኪሙም ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ናቸው። ጎኑን የሚወጋው ሰው «ኩላሊቴን ነው» ይላል። «ምች መታኝ» የሚለውን ደግሞ በየትኛው የእንግሊዝኛ ቃል ልንመልሰው ነው?

ይህን ሁሉ ሸክም ብዙ ጊዜ የምንጭነው እዚህ በተወለደ ልጃችን ላይ ነው። ልጁ እንግሊዝኛው ሊሰምርለት ይችላል፤ «ደም ብዛት» ምን እንደሆነ ግን ላያውቅ ይችላል። እናትም ስለ ማሕፀኗ፣ አባትም ስለ ሽንቱ በልጁ ፊት አይናገርም። ክፉ ውጤት ሲመጣ ደግሞ ልጁ ለእናቱ መናገር ስለሚከብደው አለዝቦ ያልፈዋል። በዚህ ላይ ይሉኝታችን ይጨመርበታል። ሐኪሙ «ገባዎት?» ሲል ሳይገባን አንገታችንን እንነቀንቃለን። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በአሜሪካ አስተርጓሚ ማግኘት ችሮታ አይደለም፣ መብት ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። በ2010 የወጣው፣ ኦባማ ኬር የምንለው የጤና ሕግም ይህን አጠናክሯል። በዚህ ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ መሠረት አስተርጓሚው ብቃት ያለውና ለታካሚው በነጻ የሚቀርብ መሆን አለበት። ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎምም አይፈቀድም።

በማርች 2025 ፕሬዝዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሲያደርጉ፣ ፕሬዝዳንት ክሊንተን በ2000 ስለ ቋንቋ አገልግሎት ያወጡትን ትእዛዝ ሽረዋል። ይህን ሰምታችሁ መብታችሁ ያከተመ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። የፕሬዝዳንት ትእዛዝ ግን ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ አይሽርም። ሁለቱ ሕጎች በቦታቸው ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቀጠሮ ስትይዙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰው ባይገኝ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቀርባል። የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ ከአገር ቤት የተላከውንም ሆነ ባህላዊውን፣ በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ አንገት ከመነቅነቅ ይልቅ «እኔ የገባኝ እንዲህ ነው» ብላችሁ መልሳችሁ ንገሩት። ስህተት ካለ እዚያው ይታረማል። ያላነበባችሁት ወይም ያልተተረጎመላችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

በአውሮፓና በአረብ አገራት ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። አስተርጓሚ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ግን የትም ቦታ ነውር አይደለም።

ልጆቻችሁ አብረዋችሁ ሆስፒታል ይሂዱ፤ እጃችሁን ይያዙ፣ ያበርቷችሁ። ማስተርጎሙን ግን ለባለሙያው ተዉለት። ለዛሬው በዚሁ ላብቃ።